ሞተር ከተቀየረ በኋላ አልነሳ ያለች ኮሮላ፦ ከጎንደር የመጣ የጉዳይ ጥናት

መኪናዋ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ከአውሮፓ የመጣች፣ ማኑዋል ካምቢዮ፣ 1.6 ሊትር ቤንዚን። የሞተሯ መለያ 3ዜድዜድ-ኤፍኢ ይባላል። አሮጌው ሞተር ወጥቶ ሌላ ያገለገለ ሞተር ገብቶላታል። ከዚያ ወዲህ ግን አልነሳም ብላ አዘዞ መንገድ ላይ ካለ አንድ ጋራዥ ቆማለች። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። የተጠራሁት ብዙ እጅ ከገባባት በኋላ ነው። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ግማሹ ስለ መኪናዋ፣ ግማሹ ደግሞ በላይዋ ላይ ስለተከመረው ግምት ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሞተር ተቀይሮ መኪና አልነሳ ሲል ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው አዲስ በገባው ሞተር ላይ ነው። «ሻጩ አታሎህ ነው» ይባላል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ሞተሩና መኪናው የሚገናኙበትን ቦታ ነው፤ ማሳውን (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበትን መስመር)፣ ሶኬቱን፣ ቱቦውን። ሞተሩ ሌላ መኪና ላይ ሲሠራ የኖረ ዕቃ ነው። ጋራዡ ውስጥ የተፈታውና እንደገና የታሰረው መጋጠሚያው ነው።

ሞተሩ ለምን ወጣ

የዚህ ሞተር ቤተሰብ ዘይት በመብላት ይታወቃል። በተለይ ቀደም ያሉት ምርቶች። ፒስቶኑ ላይ ዘይቱን ወደ ታች የሚመልሱት ቀዳዳዎች ጥቂትና ጠባብ ነበሩ። በካርቦን ሲደፈኑ የዘይት ፋሻው (ፒስቶኑን የሚከበው ቀለበት) ቦታው ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል፤ ሰማያዊ ጭስ ይመጣል።

ባለመኪናው መምህር ነው። ዘይት እየጨመረ ብዙ ጊዜ ነድቷታል። አንድ ቀን ወደ ደባርቅ ሲወጣ የዘይት መብራቷ በራች። መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። ዳባት ደርሼ አያለሁ ብሎ ነዳ። ዳባት ሲደርስ ሞተሩ ያንኳኳ ነበር። ሲፈታ የክራንኩ (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ኩሽኔታ ተበልቶ፣ ክራንኩም ተፍቆ ተገኘ።

ክራንክ አስፍቆ፣ ፒስቶንና ፋሻ ቀይሮ ማደስ ይቻል ነበር። ሒሳቡ ሲሠራ ያገለገለ ሙሉ ሞተር መግዛት ቀለለ። ሞተሩ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተገኘ። አይሱዙ ላይ ተጭኖ፣ አባይ በረሃን ተሻግሮ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጎንደር ገባ። ሽቦው ከሥሩ ተቆርጧል። ይህ የተለመደ ነው፤ ያገለገለ ሞተር ሲወጣ ጊዜ ለመቆጠብ ሽቦውን በመቀስ ነው የሚሉት። ላዩ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የብር ቀለም ተረጭቷል። ሲያዩት ገና ከካርቶን የወጣ ይመስላል። ይህን ቀለም ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

መለያው ከአሮጌው ጋር አንድ ነው፤ 3ዜድዜድ። ዋናው መካኒክ የመኪናዋን የራሷን ሽቦና የራሷን ኮምፒውተር አስቀርቶ ሞተሩን ብቻ ቀየረ። ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ሰውየው በብረት ሥራ የተካነ ነው። ካምቢዮውን፣ ፍሪሲዮኑን፣ የሞተር ማቀፊያ ጎማዎቹን ሁሉ በሥርዓት ነው የገጠማቸው።

ጠቅ፣ ከዚያ ዝም

የመጀመሪያው ምልክት እንዲህ ነበር። ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ የዳሽቦርዱ መብራት ይደበዝዛል፣ ሞተሩ አይንቀሳቀስም።

ባትሪ ነው ተባለ። አጠገቡ ከቆመ ሚኒባስ ባትሪ ተፈትቶ ተሞከረ። ያው ጠቅ። ሞተሩን በባትሪ አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ነው ተባለ። ተፈታ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ በቀጥታ ከባትሪ ጋር ሲገናኝ እንደ ጉድ ዞረ። ተመልሶ ታሰረ። ያው ጠቅ። በዚህ ጊዜ ነው «የተገዛው ሞተር የተያዘ ነው» የሚለው ወሬ የተነሳው። ዋናው መካኒክ ግን ቺያቬ (የቡሎን መፍቻ) አምጥቶ የክራንኩን ፑሊ በእጁ አዞረው። ያለ ችግር ዞረለት። ይህችን ትንሽ ሙከራ በጣም ወደድኳት። ባትሪው ደህና፣ ሞተሪኖው ደህና፣ ሞተሩም የሚዞር ከሆነ የቀረው የኤሌክትሪኩ መንገድ ብቻ ነው።

መንገዱ ደግሞ መሄጃና መመለሻ አለው። የፖዘቲቩን ገመድ ሁሉም አይቶታል፤ ቀይ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ዓይን ይስባል። የመመለሻውን ማንም ሊያየው አይፈልግም። ሞተሪኖው ሞተሩ ላይ ታስሯል። ኤሌክትሪኩ በሞተሩ ብረት አልፎ በማሳው ገመድ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ካልተመለሰ ሥራ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ ላስገባ። እንዲህ ያለ ሞተሪኖ ሲያዞር ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። በመመለሻው መንገድ ላይ 0.05 ኦም የምታህል እንቅፋት ብትኖር በ100 አምፔር 5 ቮልት ትበላለች። ከ12 ቮልት 5 ሲቀነስ ለሞተሪኖው የሚቀረው ለማንቀሳቀስ አይበቃም። 0.05 ኦምን ተራ መልቲሜትር በወጉ አያሳይም። ድምፅ በሚሰጠው መፈተሻ ከለካችሁት ደግሞ «ጢጥ» ብሎ ሁሉም ደህና ነው ይላችኋል። በዚህ መኪና ላይም እንዲሁ ተብሏል። አንድ ሰው በጢጥታው ለክቶ «ማሳው ይሠራል» ብሎ ሄዷል።

ትክክለኛው አለካክ ሥራ ላይ እያለ ነው። መልቲሜትሩን ቮልት ላይ አድርጌ ጥቁሩን በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ፣ ቀዩን በሞተሩ ብረት ላይ አሳረፍኩ። ቀለም በሌለበት ቦታ ማለቴ ነው። ከዚያ ረዳቱ ቁልፉን አዞረ። ደህና መኪና ላይ ከግማሽ ቮልት በታች መሆን አለበት። እዚህ ከ7 ቮልት በላይ ወጣ። የማርሽ መቀየሪያው ገመድ ደግሞ ሲነካ ሞቋል። ኤሌክትሪኩ የራሱን መንገድ ሲያጣ በማርሽ ገመዱ በኩል ሲሾልክ ነበር ማለት ነው። ጢጥታውም የመጣው ከዚያው ነው።

ገመዱን ተከተልነው። ከባትሪው ኔጋቲቭ ወፍራም ጥቁር ገመድ ይወጣል። አንዱ ቅርንጫፍ ቦዲው ላይ፣ ሌላው ካምቢዮው ላይ መታሰር አለበት። ሁለቱም ታስረዋል። ግን ሁለቱም ቦዲው ላይ! የካምቢዮው ጫፍ የባትሪው መቀመጫ አጠገብ ያለ ቡሎን ላይ ተገኘ። ርዝመቱ ይደርሳል፣ ቀዳዳውም ልክ ነው። ከላይ ላየው ሰው ምንም የጎደለ ነገር የለም።

ቡሎኑን ከመፍታቴ በፊት በጃምፐር ገመድ የባትሪውን ኔጋቲቭ ከካምቢዮው ብረት ጋር አገናኘሁ። ምክንያቱን ሳያረጋግጡ መፍታት ጥሩ ልማድ አይደለም። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ በኃይል ዞረ። ግቢው ውስጥ ጭብጨባ ሆነ። ከዚያ ገመዱ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ መቀመጫው በብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ ታሰረ።

ጭብጨባው ብዙም አልቆየም። ሞተሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይዞራል። አይነሳም።

ሁሉም የራሱን ሲናገር

አንድ ብልሽት ሌላውን ሸፍኖት ነበር። ሞተሩ መዞር ስላልቻለ ቀጣዩን ችግር ማንም ሊያየው አልቻለም። አሁን ሲገለጥ ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ምርመራውን ጀመረ።

መጀመሪያ የተወነጀለው ቤንዚኑ ነው። መኪናዋ ሞተር እስኪመጣ ወራት ቆማለች፤ ባለመኪናውም በመጨረሻ የቀዳው በሃይላንድ ከሚሸጥ ቦታ ነው። ጥርጣሬው መሠረት ነበረው። ከዚያ አንዱ የአየር ማስገቢያውን ከፍቶ ቤንዚን አፈሰሰበት። ይህን ነገር እባካችሁ ተዉት። ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ እሳት ቢሰጥ በፊታችሁ ላይ ነው የሚነድደው፤ ካልሰጠ ደግሞ ካንዴላዎቹን አርጥቦ ሌላ ችግር ይጨምራል።

ሦስተኛው ሐሳብ ጎንደርኛ ነው። «ቁልቁለት ላይ ገፍተን እናስነሳት።» ከተማዋ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች እዚህ ሰው ባትሪ ሲደክምበት መኪናውን ዝቅ አድርጎ ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ መልቀቅ ለምዷል። ገፍቶ ማስነሳት ግን የሞተሪኖን ሥራ ብቻ ነው የሚተካው። ሞተሪኖዋ አሁን በደንብ እያዞረች ነው። ቁልቁለቱ የሚጨምርላት ነገር የለም። ደግሞ ሞተሩ ካልተነሳ የፍሬን ማገዣው አይሠራም፤ አዘዞ መንገድ ላይ ያለ ፍሬን ማገዣ መውረድ ጨዋታ አይደለም።

ከሁሉ የገረመኝ የኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) ነገር ነው። አንድ ሌላ መካኒክ ሞተሩ መዞር እንደጀመረ ለክቶ ነበር። አራቱም ሲሊንደር 10 ባር አካባቢ ነው የሰጠው። መጽሐፉ 13 ገደማ ይላል ብሎ «ሞተሩ ደክሟል፣ መልሱለት» አለ። ባለመኪናው ሻጩን ደውሎ ሊሰድብ ነበር።

ቆይ አልኩት። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው ከውጭ የሳበውን አየር ነው። ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 77 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የሚገባው አየር ሲያንስ የሚወጣውም ቁጥር ያንሳል። ባሕር ጠለል ላይ 13 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 10 አካባቢ ያሳያል። ዋናው ነገር ደግሞ አራቱ መቀራረባቸው ነው። አንዱ 10 ሌላው 6 ቢሆን ኖሮ እኔም ፊቴን አጠቁር ነበር። አራቱም ተቀራርበው 10 መስጠታቸው ሻጩ ጥሩ ሞተር እንደሰጠ ነው የሚመሰክረው። በከፍታ ቦታ የምንሠራ ሰዎች ይህን ሒሳብ ባለማስታወስ ስንቱን ደህና ሞተር እንዳስፈታን እግዜር ይወቀው።

ሦስት ነገር በአንዴ አይሞትም

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ቤንዚን ሞተር ለመነሳት አየር፣ ቤንዚን፣ ኮምፕሬሽንና በሰዓቱ የሚመጣ እሳት ይፈልጋል። አየርና ኮምፕሬሽን አሉ። እሳቱን አየን፤ ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ኮይል ተነቅሎ ካንዴላ ተሰክቶበት፣ የካንዴላው ብረት ሞተሩን ነክቶ ሲዞር ምንም የለም። አራቱም ኮይሎች እንዲሁ። ቤንዚን በሚረጩት ኢንጄክተሮች ላይ አምፖል ያለው ቴስተር ስናገናኝ ብልጭ አይልም። የቤንዚኑ ፓምፕም ከኋላ ወንበር ስር ድምፅ የለውም።

ጋራዡ ውስጥ የነበረው አስተሳሰብ እያንዳንዱን ለየብቻ ማከም ነበር። ፓምፕ ይቀየር፣ ኮይል ይገዛ። እኔ ግን አራት ኮይል፣ አራት ኢንጄክተርና አንድ ፓምፕ በአንድ ጊዜ ተማክረው አይሞቱም ባይ ነኝ። ሁሉንም የሚያዝዝ አንድ አካል አለ፤ ኮምፒውተሩ። በዚህ ዓይነት ቶዮታ ላይ ፓምፑ እንኳ በቁልፍ ብቻ አይሠራም። ኮምፒውተሩ ሞተሩ እየዞረ መሆኑን ሲያውቅ ነው ሪሌውን (የፓምፑን ኤሌክትሪክ የሚከፍተውን ማብሪያ) የሚያበራለት። ስለዚህ የፓምፑ ዝምታ የፓምፑን ሞት አያሳይም።

ይህን እያወራን ረዳቱ ጣልቃ ገባ። ወጣት ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ቼክ የምትለዋ መብራት እኮ ቁልፍ ሲከፈት አልበራችም» አለ።

ልጁ ትክክል ነበር። ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ሲከፈት ቢጫዋ የቼክ ኢንጂን መብራት መብራት አለባት። ሰው ይህችን መብራት የሚጠላት ስትበራ ነው። ሳትበራ ስትቀር ግን የባሰ ዜና ነው፤ ወይ አምፖሏ ተቃጥሏል ወይ ኮምፒውተሩ አልነቃም። ስካነር (የኮምፒውተሩን መረጃ የሚያነብ መሣሪያ) ሰካሁ። ስካነሩ ራሱ በራ፤ ሶኬቱ የባትሪ መስመር አለው ማለት ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር ግን አልተገናኘም።

«በቃ ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» አለ ባለመኪናው። ፊቱ ወረደ። «ወንድሜ፣ አዲስ አበባ አንድ ያገለገለ አግኝተውልኛል፣ ላስልከው?»

እንዲቆይ ለመንኩት። ምክንያቱ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ይህች መኪና የአውሮፓ ስለሆነች ኢሞቢላይዘር አላት። ቁልፉ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለ፤ ኮምፒውተሩ ያንን ቺፕ ካላወቀ ሞተሩ እንዲነሳ አይፈቅድም። ከሌላ መኪና የመጣ ኮምፒውተር የዚህችን መኪና ቁልፍ አያውቅም። ገዝቶ ቢሰካው ኖሮ አሁን ባለው ችግር ላይ ሌላ ችግር ይደርብበት ነበር። ከዚያ በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት እጅግ ይከብዳል።

አምስቱ ቮልት

ኮምፒውተር መንቃቱን የማረጋግጥባት ቀላል ቦታ አለች። የስሮትሉ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚመጥነው በር) ሴንሰር ሶኬት ናት። በአንዱ ሽቦ ኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይልካል። ቁልፍ ሲከፈት 5 ቮልቱ ካለ ኮምፒውተሩ ነቅቷል። እዚህ ዜሮ ነበር።

ዜሮ ሲሆን ሁለት ነገር ይጠረጠራል። አንደኛው ያንን 5 ቮልት ከሚጋሩት ሴንሰሮች አንዱ ውስጡ ተገናኝቶ መስመሩን ወደ ማሳ እየጎተተው ነው። ይህ ቶዮታ ላይ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ አንዲት የተበላሸች ሴንሰር ሙሉውን ኮምፒውተር ታደነዝዛለች። ስለዚህ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ነቀልን። ምንም ለውጥ የለም። ሁለተኛው ጥርጣሬ ኮምፒውተሩ ራሱ መብል አላገኘም የሚለው ነው። መብል ስል ሁለቱንም ነው፤ ፖዘቲቩንም ማሳውንም።

ከተሳፋሪው ፊት ያለውን የዳሽቦርድ ኪስ አውጥተን ከጀርባው ኮምፒውተሩ ጋ ደረስን። ቋሚው የባትሪ መስመር 12 ቮልት አለው። ቁልፍ ሲከፈት የሚመጣውም አለው። ቀጥሎ የማሳውን ሽቦ ለካሁ፤ ጥቁሩ የመልቲሜትር ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩ በኮምፒውተሩ የማሳ ሽቦ ላይ። ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። ከ11 ቮልት በላይ አሳየ።

ማሳ ላይ 11 ቮልት ማየት ለጀማሪ ግራ ያጋባል። ትርጉሙ ግን ግልጽ ነው። ኤሌክትሪኩ በፖዘቲቩ ወደ ኮምፒውተሩ ገብቷል፤ መውጫ አጥቶ በመውጫው ደጃፍ ላይ ቆሟል። ሽቦው የሆነ ቦታ ላይ ክፍት ነው።

ለማረጋገጥ እንደቀድሞው አደረግን። አንድ ሽቦ ከባትሪው ኔጋቲቭ አምጥቼ ያንን የማሳ መስመር ነካሁት። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ መብራት ቦግ አለች። ኮምፒውተሩ ደህና ነው። ባለመኪናው በረጅሙ ተነፈሰ፤ «ኧረ በማርያም!» አለ።

ቀዳዳው ቀለም ሞልቶት

የቀረው መፈለግ ነው። ቶዮታ የሞተር ኮምፒውተሩን ማሳ በአብዛኛው በቡናማ ሽቦ ነው የሚያወጣው። መጨረሻው ቦዲ ላይ አይደለም፤ ሞተሩ ላይ በቡሎን የሚታሰር የብረት ቀለበት ነው። ሴንሰሮቹና ኮይሎቹ ሞተሩ ላይ ስለሆኑ ኮምፒውተሩም የራሱን ማሳ ከዚያው ብረት እንዲወስድ ተደርጎ ነው የተሠራው። ሞተር ሲወጣ ቀለበቱ የግድ ይፈታል። ሞተር ሲገባ ካልታሰረ የምናየው ነገር ይመጣል።

ሽቦውን ስንከተል ወደ ኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ስር ይገባል። በእጅ ባትሪ ብርሃን ስናይ ሁለቱ ቀለበቶች በዘይት ጠቁረው ከቱቦ ኋላ ተንጠልጥለዋል። ቡሎን የለም።

ረዳቱ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ ቡሎኑ አልገባ ብሎኝ ነው። ቀዳዳውን ቀለም ሞልቶታል። ኋላ እመለስበታለሁ ብዬ…» ዋናው መካኒክ ሊቆጣው አፉን ከፈተ፤ መለስ አለ። መብራቷን ያየልን እኮ ይኸው ልጅ ነው።

ቀለም የመርጨት ነገር ይህን ያመጣል። ላዩን ለማሳመር ሲረጭ የቡሎን ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባል፣ ይደርቃል፣ ጥርሱን ይሞላል። ቡሎኑ ቢገባ እንኳ ቀለበቱና ብረቱ መካከል ቀለም ይቀራል፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ያገለገለ ሞተር ስትገዙ የብር ቀለም ካያችሁ ከመግጠማችሁ በፊት የማሳ መቀመጫዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ ብረቱን አውጡ። ቀዳዳዎቹንም የቡሎን ጥርስ ማውጫ አሳልፉባቸው። ማኒፎልድ ከገባ በኋላ ያንን ቦታ ማግኘት መከራ ነው፤ እኛም እጃችን እየተቧጨረ ነው የጨረስነው።

ተፋቀ፣ ታሰረ። ቁልፍ ሲከፈት መብራቷ በራች። ስካነሩ ተገናኘ። ሞተሪኖው ሲያዞር ስካነሩ ላይ የሞተሩ ፍጥነት በደቂቃ 250 ዙር አካባቢ ታየ። ይህ ቁጥር ለእኔ ከመነሳቱ በላይ ደስ ይላል፤ የክራንኩ ሴንሰር ለኮምፒውተሩ እየተናገረ ነው ማለት ነው። ፓምፑም ከኋላ ማንሾካሾክ ጀመረ። ካንዴላዎቹ የፈሰሰባቸውን ቤንዚን እንዲደርቁ ወጥተው ተጠራርገው ተመለሱ።

ከዚያ ተነሳች። ግን እየተንዘፈዘፈች።

ሁለት እና ሦስት

ይህኛው አጭር ነው። ሞተሩ በሁለት ሲሊንደር ብቻ እየሠራ ነበር። ስካነሩ የሰጠው ኮድ ፒ0302 እና ፒ0303 ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲሊንደር አይተኮሱም ማለት ነው። የኮይል ኮድ ግን የለም።

የኮይሎቹ ሶኬቶች አንድ ዓይነት ናቸው። ጎን ለጎን ስለሆኑ የሁለተኛው ሽቦ ሦስተኛው ላይ፣ የሦስተኛውም ሁለተኛው ላይ ይደርሳል። ተለዋውጠው ነበር። የዚህ ሞተር የእሳት ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው። ሁለትና ሦስት በክራንኩ ላይ በትክክል አንድ ሙሉ ዙር ይራራቃሉ። ሲለዋወጡ እያንዳንዱ እሳቱን የሚያገኘው ጭስ አስወጥቶ በሚጨርስበት ሰዓት ነው። እሳቱ አለ፣ የሚያቃጥለው ግን የለም። ኮይሉ ደግሞ «እሳቱን ሰጥቻለሁ» የሚል ምልክት ለኮምፒውተሩ ይመልሳል፤ እሱም እውነቱን ነው። ለዚህ ነው የኮይል ኮድ ያልመጣው።

ሶኬቶቹ ሲመለሱ መንዘፍዘፉ ቆመ።

ከተነሳች በኋላ

የማሳውን ቮልት ሞተሪኖው እያዞረ እንደገና ለካሁት፤ 0.2 አካባቢ። ዲናሞው 14 ቮልት ይሰጣል። ራዲያተሩ አየሩ ወጥቶለት ፋኑ እስኪነሳ ድረስ ሞተሩ ቆሞ እንዲሞቅ ተደረገ።

ለባለመኪናው ሁለት ነገር ቀርቶታል። አንደኛው ወረቀቱ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የአሮጌው ሞተር ቁጥር ነው፤ አዲሱ ብሎኩ ላይ የተመታው ሌላ ነው። ቦሎ ሲመጣ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ያውቃል። የግዢ ደረሰኙን ሻጩ እንዲልክለት ያኔውኑ ደወለ። ሊሰድበው በነበረው ስልክ ማለት ነው።

ሁለተኛው ዘይቱ ነው። የገባው ሞተር ከወጣው ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፤ ያው በሽታ ሊኖርበት ይችላል። ቤንዚን በቀዳ ቁጥር ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን እንዲያይ፣ ምን ያህል እንደወረደም ከኪሎ ሜትሩ ጋር እንዲጽፍ ነገርኩት። መምህር ስለሆነ ደብተር አይቸግረውም።